የጋሽ በጣኒያ ኩላሊት

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ጣፊያችሁ በየትኛው ጎናችሁ ነው? አትዳብሱ! በመዳበስ አይገኝም። ሐሞታችሁስ? ቆሽታችሁስ? «ቆሽቴ አረረ» ስትሉ ትውላላችሁ፤ ያረረው ነገር የት ተጥዶ እንዳረረ ግን አንድ ቀን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? አታውቁም። እኔም አላውቅም ነበር። የሰው ልጅ ጉደኛ ፍጡር ነው። የጎረቤቱን ጓዳ ከነማሰሮው ቆጥሮ ያውቃል፤ ከገዛ ቆዳው ሥር ያለውን ጓዳ ግን አንድ ቀን እንኳ በሩን ገርበብ አድርጎ ሳያይ ይሞታል።

ከሆድ ዕቃችን ሁሉ አድራሻው በደንብ የሚታወቀው አንድ ብቻ ነው፤ ኩላሊት። እዚህ ገዳሪፍ የሚኖር ሐበሻ፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ ትናንት በመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ የመጣ ይሁን በድርቁ ዘመን ገብቶ የልጅ ልጅ ያየ፣ «ኩላሊት» ሲባል ሁለት እጁ ሳያዘው ወደ ወገቡ ይሄዳል። ምክንያቱን የዚህ አገር ሰው አይጠይቅም፤ ለሩቅ አንባቢ ግን ልንገር። ከዚህ ወደ ሰሜን፣ በበረሃው በኩል፣ ሰው እንደ ጆንያ የሚጭኑ ደላሎች አሉ። የጫኑት ሁሉ አይደርስም። ያልደረሰው ሰው ቢቀርም ወሬው ይመለሳል፤ ወሬውም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ኩላሊቱን ወሰዱት»። ስንቱ እውነት፣ ስንቱ ውሸት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። እኛ ግን ያላየነውን ነገር ካየነው አብልጠን የምንፈራ ሰዎች ነን። ይህን ያዙልኝና ወደ ራሴ ጉድ ልግባ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሴት ቀሚስ፣ የልጅ ሱሪ፣ የተቀደደ፣ የተረተረ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን በመርፌ የማይያዝ ነገር መጣብኝ። ከካርቱም የሸሸው ሰው የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ከነበረንዳው ሞላው። ምን ይሁን? ሰው ነው፤ የት ይግባ? ልጆቻችን ግን ሜዳ ቀሩ። ሜዳ የቀረ ልጅ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ የኔን የቆርቆሮ ጣራ መጠየቅ ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲዘንብበት ይውል ነበር። በመጨረሻ ድንጋይ ወርዋሪውን ሁሉ ሰብስቤ ጠዋት ጠዋት ራኩባዬ ሥር፣ ማለት ከቤቴ ፊት በእንጨትና በገለባ ከተሠራችው ጥላ ሥር፣ አስቀመጥኩና ፊደል አስቆጥር ጀመር። ማን ሾመሽ እንዳትሉኝ። ማንም አልሾመኝም። እኔ ራሴ የትምህርት ቤት ደጅ የረገጥኩት አንዴ ነው፤ እሱም መጋረጃ ልለካ። ማንበብ የለመድኩት እጄ ከገባው ወረቀት ሁሉ ነው፤ ከመድኃኒት ካርቶን፣ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ፣ ሰው ከጣለው መጽሐፍ። ይሁን እንጂ ልጆቹ «እትዬ ባዩሽ፣ እትዬ ባዩሽ» ሲሉኝ፣ እውነቱን ልናገርና፣ አንገቴ ትንሽ ረዘም ይል ነበር።

አንድ ቀን ታዲያ በመሃል ብድግ ብዬ የዋጥነው እህል የት ነው የሚሄደው ብዬ ጠየቅኩ። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ። አንዱ ልጅ ሳያመነታ ወደ እግር ነው አለ፤ ማስረጃም አለው፤ ሰው ጠግቦ ሲነሣ እግሩ ይከብደዋል። ሌላዋ ሆዳችን ውስጥ ትንሽ ሰውዬ ቁጭ ብሎ እሱ ነው የሚበላው፤ ለዚህ ነው ሲርበው የሚጮኸው አለች። ትርሲት የምትባል ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ ደግሞ፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ግማሹን በአረብኛ እየደባለቀች፣ ወላሂ እትዬ ሆድ ውስጥ ምንም የለም፣ ባዶ ጀሪካን ነው፣ ሲሞላ በታች ይፈሳል አለችኝ። ክው አልኩ። እነዚህ ልጆች የስልክ አሥራ ስድስት ዓይነት ጉድ ከፍተው የሚዘጉ ናቸው! ስልኩ ውስጥ ያለውን ያውቃሉ፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን አያውቁም።

ኒው ሀልፋ የምትኖር የእህቴ ልጅ አለችኝ። ችግሬን ስነግራት በስልክ ቪዲዮ ላከችልኝ። የማላውቀው አገር ያለች አንዲት ሴትዮ ፌልት በሚባል ጨርቅ ልብ ትቆርጣለች፣ ሳምባ ትቆርጣለች፣ ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች፣ ከዚያ በጨርቅ ሰው ሆድ ላይ ትለጥፋለች። ልጆች ይነቅሉታል፣ መልሰው ይለጥፉታል፣ ይማራሉ። እኔን ያስደነገጠኝ ሳምባው አይደለም፤ ጨርቁ ነው። ተቆርጦ ጠርዙ አይተረተርም! ከሱፍ ተጠቅጥቆ የተሠራ እንጂ በክር የተሸመነ ስላልሆነ የሚተረተር ነገር የለውም። ዕድሜዬን ሙሉ ጠርዝ ስዘመዝም ለኖርኩ ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናንተ አታውቁም። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

ገበያ ወርጄ ጨርቅ ነጋዴውን ጠየቅኩት። በዚህ ሙቀት ወፍራም የሱፍ ጨርቅ የምትፈልጊው ወባ ይዞሽ ነው ወይ ብሎ ወንበር አወጣልኝ። የምሬን ነው፤ ውሃም ሰጠኝ። ተስፋ ቆርጬ ቤቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ ስዘረጋ ዓይኔ ከሥር ከተወሸቀው የእርዳታ ብርድ ልብስ ጫፍ ላይ አረፈ። ያን ግራጫውን ታውቁታላችሁ። በዓለም ላይ ካለው ሞቃት አገር ሁሉ መርጦ ለገዳሪፍ ብርድ ልብስ የላከው ማን እንደሆነ እስካሁን ባላውቅም ይባረክ። ጎትቼ አውጥቼ ጫፉን በመቀስ ቆረጥ አደረግኩት። አልተተረተረም። እንዲያው አንዲት ክር እንኳ! እነሱ ፌልት የሚሉት ነገር ለካ ከአልጋዬ ሥር ተወሽቆ እላዩ ላይ ስተኛ ኖሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ ማን ይያዘኝ? ሥራው ሁለት ሳምንት ፈጀ። ለገላው ልክ እንዲሆነኝ ትርሲትን፣ ከልጆቹ ሁሉ ዝም ብላ የምትተኛው እሷ ስለሆነች፣ ብርድ ልብሱ ላይ አጋድሜ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ዙሪያዋን አሰመርኩ። ልቡን ከቀይ በጣኒያ ቆረጥኩት። በጣኒያ የዚህ አገር ሰው ብርድ ልብስን የሚጠራበት ስም ነው፤ እኛም ተቀብለነዋል። ሳምባውን ከሕፃን ሮዝ ብርድ ልብስ፣ ጉበቱን ከዚያው ከቀዩ ወስጄ በወፍራም ሻይ ቀቀልኩትና መልኩ ቁርጥ ጉበት ሆነ። ኩላሊቶቹን ባሌ ከደባርቅ ካመጣው የሱፍ ቆብ ሠራኋቸው፤ ገዳሪፍ ላይ የሱፍ ቆብ የሚፈልግ ባል ካለ እሱ የሌላ ሐኪም ጉዳይ ነው። የሚጠቀጠቀውን ጥጥ ከፋው የሚባል ዘመዴ ከእርሻው ላይ በፌስታል ላከልኝ። መለጠፊያውን ደግሞ ከአሮጌ የልጅ ጫማ ላይ ፈታሁት፤ ያ ሲነቅሉት «ቸርርር» የሚለውን ሻካራ ማጣበቂያ። ሆዱ ላይ እንደ መስኮት የሚከፈት ክዳን አደረግኩለት። በመጨረሻ የትርሲት ቁመት ያለው፣ ጠይም ሳይሆን ግራጫ፣ ወፍራም ፂም ያለው ሰውዬ ተወለደ። ፂሙን የጨመርኩት ለክብሩ ነው። ልጆቹ ገና ሲያዩት ጋሽ በጣኒያ ብለው ስም አወጡለት።

የመጀመሪያው ትምህርት ቀን ከሠርግ አይተናነስም ነበር። ጋሽ በጣኒያን ሰሌን ላይ አጋደምኩት፣ ሆዱን ከፈትኩት፣ ቸርርር! ልብ። ቸርርር! ጉበት። ልጆቹ በሳቅ ወደቁ። ኩላሊት ላይ ስደርስ ይህ ደማችንን አጥቦ ቆሻሻውን ሽንት አድርጎ የሚያወጣ ነው አልኳቸው። የኛስ የት ነው ያለው አሉኝ። እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከአንገቴ ሜትር ተንጠልጥሏል፣ ከጆሮዬ ላይ ጠመኔ ተሰክቷል፤ የልብስ ሰፊ እጅ ልብስ ካየ ማስመር አለበት። ትርሲትን አቆምኳት፣ ጀርባዋን አዞርኳት፣ ወገቧን ለካሁ፣ ከዚያ በቀሚሷ ላይ፣ ከወገቧ ከፍ ብሎ፣ ግራና ቀኝ ሁለት የሚያማምሩ ክቦች ሳልኩ። «ይኸው፣ እዚህና እዚህ» አልኩ። ከዚያ ፀሐዩ በረታ፣ ልጆቹን ወደየቤታቸው በተንኳቸው። ጠመኔውን ማራገፍ ትዝ አላለኝም። ለምን ትዝ ይለኛል? በቀን ሃያ ቀሚስ ላይ አሰምራለሁ፤ አንድም ቀሚስ ከስሶኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ በጣኒያን ከአልጋዬ ሥር እንደተኛ ትቼ ራኩባዬን ጠርጌ፣ ውሃ ረጭቼ፣ ሰሌን ዘርግቼ ጠበቅኩ። ልጅ የለም። ጥቂት ቆየሁ፤ የለም። ድንጋይ እንኳ ጣራዬ ላይ አልወረደም። ሰው ልጅ ሲያጣ ድንጋይ እንደሚናፍቅ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሰንበት ነው እንዴ ብዬ ቀኑን ቆጠርኩ። ኋላ በሩ ተበረገደና ዘነቡ ገባች፤ የትርሲት እናት ናት፤ ወደ ዶካ የሚሄዱት አውቶቡሶች ከሚቆሙበት ጎን ሻይ የምትሸጥ፣ የሾፌሩን ሁሉ ወሬ ከነስኳሩ የምታማስል። ከኋላዋ ሰባት ስምንት ሴቶች አሉ። ቀሚሷን በእጇ እንደ ባንዲራ ዘርግታ ይዛለች። የትርሲትን ቀሚስ። ሁለቱ ክቦች ፍጥጥ ብለው ያዩኛል።

«አንቺ ሴትዮ» አለችኝ። እትዬ ቀረ! ትናንት እትዬ ነበርኩ። «የልጄን ወገብ ለማን ብለሽ ነው የለካሽው?»

እኔ ሞኟ ደግሞ ልብስ ልታሰፋ የመጣች መስሎኝ፣ ለማንም አይደለም፣ ለራሷ ነው፣ ኩላሊቷ የት እንዳለ ላሳያት ብዬ ነው አልኳት። ከኋላ ያሉት ሴቶች በአንድ ትንፋሽ «እ!» አሉ። ዘነቡ ዞር ብላ ሰማችሁ ወይ አለቻቸው። ሰማን አሉ። ከዚያ ልጇ ማታ ምን እንዳለቻት ትተርክ ጀመር። እትዬ ባዩሽ ጋሽ በጣኒያን አጋደመችው፤ ሆዱን ከፈተችው፤ ቸርርር አድርጋ ኩላሊቱን ነቀለችው፤ ወላሂ እማ ምንም አላለቀሰም። ይኸው ነው። ልጅቷ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመረችም። ሰውዬው ከብርድ ልብስ የተሠራ መሆኑን ብቻ ነው ያላነሣችው፤ ለእሷ ይህ ትንሽ ነገር ነው።

አንዷ ሴት ለመሆኑ ጋሽ በጣኒያ ማነው ብላ ጠየቀች። ቸር ጥያቄ ነበር፤ መልስ ብትጠብቅ ኖሮ። ሌላዋ ግን ቀደመችኝ። «ያ ነዋ! ሲሚንቶ የሚያወርደው ጎረምሳ፣ ከመጋዘኑ በር ላይ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚተኛው!» «ውይ፣ እውነትሽን ነው፤ ሰሞኑን አላየሁትም።» «እኔም አላየሁትም።» «ከማክሰኞ ጀምሮ ጠፍቷል!» እግዜር ያሳያችሁ፣ በአንድ አፍታ ውስጥ ከማክሰኞ ጀምሮ የጠፋ ሰው ተገኘልኝ። ሰውዬው ያን ሰዓት የት ሲሚንቶ ተሸክሞ እየሄደ እንደሆነ ማን ይንገረኝ?

ዘነቡ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «የት ነው ያለው አሁን?» አለች። እኔም፣ አፌ ከጭንቅላቴ የሚፈጥን ሰው ነኝና፣ «አልጋ ሥር ነው። ልጆቹ እንዳያቆሽሹት ጠቅልዬ አስተኝቼዋለሁ» አልኩ። እዚህ ላይ አንዷ ጮኸች። «ሆዱስ?» አለች ሌላዋ በድንጋጤ እየተንተባተበች። «ሆዱ ክፍት ነው፤ ነገ እንከፍተዋለን ብዬ አልዘጋሁትም» ብዬ ከመጨረሴ የሁሉም እጅ ወደ ወገቡ ሄደ። የስምንት ሴት አሥራ ስድስት እጅ፣ አሥራ ስድስት ኩላሊት ላይ። ይህን ሳይ ነው የገባኝ። ከእግሬ ጀምሮ ቀዘቀዝኩ። ገዳሪፍ ላይ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በረዶ ሆንኩ። ሳቅ እየመጣብኝ ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረ።

ምክንያቱም ዘነቡ አልጮኸችም። የሚጮኽ ሰው ይደክመዋል፤ እሷ ግን ዝም ብላ ታለቅስ ነበር። ወንድሟን አውቀዋለሁ፤ ሱሪውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው በበረሃው መንገድ ወጣ። አንዴ ደወለ። ከዚያ አንድ የማያውቁት ሰው ደወለ። ከዚያ ማንም አልደወለም። ወሬው ግን መጣ፤ የታወቀው ወሬ። ወንድሟን በሕይወት ይሁን በሞት አታውቅም፤ ኩላሊቱን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቧ ይዛ ትኖራለች። አሁን ደግሞ የልጇ ጀርባ ላይ ሁለት ክብ ስላ የላከች ጎረቤቷ ፊቷ ቆማለች። እኔ ብሆንስ? እኔ ብሆን ቀሚሱን ይዤ አልመጣም ነበር፤ መቀስ ይዤ ነበር የምመጣው።

«ሹርጣ ልጥራልሽ ወይስ በእግርሽ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። ሹርጣ ፖሊስ ነው። የዚህ አገር የመኖሪያ ወረቀቴ ደግሞ ከሲጋራ ወረቀት የሳሳ ነው። ይህ ወሬ ከግቢዬ ወጥቶ መንገድ ላይ በአረብኛ አንዴ ከተነገረ፣ ጋሽ በጣኒያን አውጥቼ እስካሳይ የሚጠብቀኝ የለም። ቤቴ ሄደ፣ ስፌቴ ሄደ፣ እነዚያ ወሮበሎች ከፊደሉ ግማሽ ላይ ቀሩ። ቆይ ላሳያችሁ ብዬ ወደ ጓዳ ስራመድ ሁለቱ በሩ ላይ ቆሙ፤ ልትሰውረው ነው አሉ። እናንተ ግቡና እዩ ስላቸው ደግሞ የምትገባ ጠፋች። ሬሳ ማውጣት የማን ሥራ ነው?

ሐጃ ከድጃ ትጠራ ተባለ። ሐጃ በድርቁ ጊዜ ከወሎ የመጣች፣ የጎረቤቶቼ ሁሉ ታላቅ፣ ገበያ ውስጥ የበግና የፍየል ሆድ ዕቃ የምትሸጥ ሴት ናት። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ እሷ ቤት የታረደ አልበላም፤ እሷም እኔ ቤት የታረደ አትቀምስም፤ በሽሮ ግን አንለያይም። መጣች፣ ነገሩን ቆማ ሰማች፣ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይታ ጋሽ በጣኒያን በአንድ እግሩ እየጎተተች ወጣች። ጩኸት! አንዷ እንደውም ሮጣ ወጥታ ነጠላ ጫማዋ ግቢዬ ውስጥ ቀረ። ሐጃ ሰሌኑ ላይ ዘርራ «ይኸው ሰውያችሁ፤ ፂም አለው፣ አጥንት የለውም» አለች።

ሴቶቹ አንድ በአንድ ተጠጉ። አንዷ በጣቷ ነካ አደረገችውና ጣቷን በፍጥነት ሰበሰበች። ኧረ ጨርቅ ነው! የእርዳታው ብርድ ልብስ ነው! ሳቅ ሊጀመር ሲል፣ እኔም እፎይ ልል አፌን ስከፍት፣ ዘነቡ እጇን አነሣች። «መለማመጃ ነው» አለች። «ምን?» አልኩ። «መለማመጃሽ ነው! ሐኪም መጀመሪያ በምን የሚማር መሰላችሁ? ዛሬ በጨርቅ፣ ነገ በልጄ!» ፈጣሪዬን! ይህን መልስ ደግሞ ከየት አመጣችው? ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ ገባቸው። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ ለአንድ አፍታ ገባኝ።

ሐጃ ሰሌኑ ላይ ቁጭ አለች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ቆዩ እስቲ። ሥራዋን ልየው» አለች። ሴቶቹ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ከበቧት። ቸርርር! ልቡን አወጣች፤ አገላብጣ አየችው፤ ልብ ነው አለች። ቸርርር! ሳምባ ነው፣ ትንሽ ወፈረ እንጂ ሳምባ ነው። ጉበቱን ስታወጣ ከልቧ አደነቀች፤ «ያ ሰላም! ይህስ ለመራራ ይሆናል» አለች። መራራ የዚህ አገር ሰዎች ከጥሬ ሆድ ዕቃ የሚሠሩት ምግብ ነው። ከዚያ ኩላሊቶቹ ላይ ደረሰች። ቸርርር። ቸርርር። በአንድ እጇ ያዘቻቸው፣ በሌላው የተለጠፉበትን ቦታ ዳበሰች። «መልኩም ልክ ነው፣ ቦታውም ልክ ነው» አለች። አለቀልኝ! በሕይወቴ ሥራዬ ሲመሰገን እንዲህ የመረረኝ ቀን የለም። ዘነቡ አላልኳችሁም አለች። አንዷ ሴት ሹርጣ ልትጠራ ነጠላዋን አጣፋች።

ሐጃ ግን እጇን ወደ ታች ሰደደች። እዚያ ያለው የኔ ኩራት ነው። ሦስት ቀን የፈጀብኝ፣ ቅጠል በቅጠል ቆርጬ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ደርቤ የሰፋሁት፣ መርፌ ሁለት ጊዜ ጣቴ ላይ የተሰበረብኝ ሥራ። ቸርርር ብሎ ወጣ። ሐጃ ዘረጋችው። አገላበጠችው። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይኸ ምንድን ነው ልጄ?»

«ሽንፍላ።»

«የማን?»

«የማን ይሆናል? የሰው ነዋ።»

ሐጃ ሽንፍላውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሰች ነው ብዬ ነበር፤ እየሳቀች ነው። «ወላሂ» አለች እንባዋን እየጠረገች፣ «አርባ ዓመት ሆድ ዕቃ ሳጥብ፣ ሽንፍላ ያለው ሰው ዛሬ ገና አየሁ! ሰው ያመሰኳል እንዴ አንቺየ? ሣር ነው እንዴ የሚበላው?»

እንግዲህ እውነቱን ላውጣው። የሰውነት ክፍል የሚያስተምር መጽሐፍ ነበረኝ፤ ሰው የጣለው። ስለ ልብ፣ ስለ ሳምባ፣ ስለ ጉበት፣ ስለ ኩላሊት ሥዕሉ ሳይቀር አለው። ስለ ሆድ የሚናገረው ገጽ ግን ተገንጥሏል፤ ማን እንደጠቀለለበት እንጃ። ታዲያ እኔ በየበዓሉ የሙክት ሆድ ዕቃ ሳጥብ ያደግኩ ሴት፣ አንድ ገጽ ስለጎደለ ላቁም? ጨጓራ አለ፣ ሽንፍላ አለ፣ አንጀት አለ፤ የቀረውን ከቤቴ እውቀት ሞላሁት። ሆድ ሆድ ነው ብዬ!

ቢገርማችሁ ሴቶቹ ወዲያው በሁለት ተከፈሉ። ገሚሱ ሰው ሽንፍላ የለውም አለ፤ ገሚሱ አለው አለ። አንዷ የኔ ባል አለው ብላ ድርቅ አለች፤ ያ ሁሉ የማሽላ ገንፎ ሌላ የት ይገባል? ሌላዋ ደግሞ አማቴ አላት፤ የዛሬ ዓመት የተናገርኳትን እስካሁን ታመነዥገዋለች አለች። ሹርጣ ልትጠራ የነበረችው ሴት ይህን ክርክር ትታ መሄድ አቅቷት ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ከዳር ቆሜ የገዛ ችሎቴን እንደ እንግዳ እሰማለሁ።

በመጨረሻ ሐጃ ወደ ዘነቡ ዞረች፤ ሳቋን ዋጠች፤ እጇንም ያዘቻት። «ስሚኝ ልጄ። ኩላሊት የሚሰርቅ ሰው ቢያንስ ሸቀጡን ያውቃል። ይቺ ሰውን ከሙክት ለይታ አታውቅም። እንኳን ልትሰርቅ፣ ሰጥተሽ ያዢልኝ ብትያት የት እንደምታስቀምጠው አታውቅም። ልቀቂያት፤ ምስኪን ናት።» ሴቶቹ አንድ ላይ እውነት ነው፣ ምንም አታውቅም፣ ምስኪን ናት አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። አንዷ እንደውም ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

እኔን! የሰፈሩን ደብዳቤ ሁሉ የማነበውን! ነፃ ወጣሁ አይደል? ወጣሁ። በምን? በድንቁርና። በተዘጋ አፍ ቆሜ፣ ሐጃ ቆይ፣ ኩላሊቱን እኮ ልክ ነው ብለሻል ልል ሁለት ጊዜ ምላሴ ጫፍ ደርሶ መለስኩት። እንዲህ ያለ ፈተና ይግጠማችሁ አልልም፤ ወይ አዋቂ ሆኖ መታሰር፣ ወይ መሃይም ሆኖ ቤት ማደር። ቤቴ አደርኩ።

ዘነቡ ግን ወዲያው አልተነሣችም። ሁለቱን ኩላሊቶች ከሰሌኑ ላይ አንሥታ በመዳፏ ይዛ ታያቸዋለች። ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ሳቄ ጠፋ። ቀስ ብላ ልጄ ትመጣለች አለች። ትማር። ልቡንም ትማር፣ ጉበቱንም ትማር። «ይኸ ግን አንቺ ቤት አያድርም።» እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ሁለቱንም አስገብታ ቋጠረቻቸው፤ ደግማ ቋጠረቻቸው። ቤቷ ወስዳ ሳጥኗ ውስጥ አድርጋ እንደቆለፈችባቸው ሰማሁ። ሳጥኑ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ የወንድሟ ፎቶና የሰፋሁለት ሱሪ ነው። ስለዚህ ሂጂና መልሺልኝ በያት የሚለኝ ሰው ራሱ ሄዶ ይንገራት።

ልጆቹ ተመለሱ። ሽንፍላውን አውጥቼ በምትኩ አንጀቱን አስረዘምኩት። ዘነቡም ጠዋት ጠዋት ሻይዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ እየመጣች ከኋላ ትቀመጣለች፤ እኔን ልትጠብቅ ነው፤ እየጠበቀችም ሁለት ሦስት ፊደል ሳታስበው ይዛለች። አሁን እንግዲህ አስቡት፤ ገዳሪፍ ላይ፣ በኔ እጅ፣ በዚህ ሁሉ ወሬ መሃል፣ በእውነት ኩላሊቱ የወጣበት አንድ ሰው ቢኖር ጋሽ በጣኒያ ነው።

ባለፈው ሰኞ የተማሩትን ልከልስላቸው ብዬ ጠየቅኳቸው። ልብ ምን ይሠራል? ደም ይረጫል። ሳምባ? አየር ይስባል። ጥሩ ነው፣ ሽንትስ ከየት ነው የሚመጣው ብዬ ሳልጨርስ ትርሲት እጇን ሰቀለች። ዘነቡ ልጇ ልትመልስ መሆኑን አይታ በኩራት ቀና አለች፤ ነጠላዋንም አስተካከለች። ልጅቷም ብድግ ብላ፣ ደረቷን ነፍታ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብላ መለሰች፤

«ከእማ ሳጥን!»